እጀታ ለማይታጠፍ ጣት

ካሜራውን ያወረሰኝ አባቴ ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ያነሣበት አሮጌ የፊልም ካሜራ ነው። የሚታየው በሌንሱ ሳይሆን ከላይ በጎን ባለች ጠባብ መስኮት ነው። በመስኮቷ ሲያዩት አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፤ ሌንሱን እያዞሩ ሁለቱን ምስል ሲያጋጥሟቸው ይጠራል። የመታወቂያና የሰርግ ፎቶ በዲጂታሉ እሠራለሁ። አንዳንዴ ግን፣ በተለይ አረጋውያን ሲያስጠሩኝ፣ የአባቴን ይዤ እወጣለሁ። ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ ሰው አይደነግጥበትም።

መያዣ ግን የለውም። ፊቱ ልሙጥ ብረት ነው። ጣቶቼ ደኅና በነበሩ ጊዜ ይሄ ጉድለት መሆኑን እንኳ ልብ ብዬው አላውቅም። ካቻምና ክረምት ሲገባ ቀኝ እጄን ቁርጥማት ያዘኝ። ሐኪም ያዘዘልኝ መድኃኒት ሕመሙን ቢያስታግስልኝም የመሐል ጣቴ አልታጠፍ ብሎ ቀረ።

የባሰው አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ሰርግ ላይ ነው። ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ለእናትየዋ ብዬ የያዝኩትን የአባቴን ካሜራ ወደ ዓይኔ ሳነሣ ከእጄ ሾለከ። የአንገቴ ማንገቻ ያዘልኝ እንጂ ማረፊያው ድንጋይ ነበር። የሙሽራዋ እናት ልጃቸውን ተዉና የእኔን እጅ ያዙ።

«ውይ እናቴን፣ ጣትሽ ምን ሆነ?» አሉኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ጣቶቼን እያሹ።

እጄን ቀስ ብዬ ሳብኩ። ቤቴ ስገባ ካሜራውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ከፎቶ ቤቴ አጠገብ ልብስ የሚሰፉ ሙስሊም ጎረቤት አሉኝ። የአባቴ ወዳጅ ስለነበሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እላቸዋለሁ። የአባቴን ካሜራ አንገቴ ላይ ካጡት ሰንበት ብለው ኖሮ፣ አንድ ቀን ብቅ አሉና ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«እስቲ አምጪው» አሉኝ። አገላብጠው አዩትና፣ «ይሄማ እንደ ሳሙና ነው። በምን ይያዛል!» አሉ።

በማግስቱ ካሜራውን በቆዳ ጠቅልለው፣ ዙሪያውን ሰፍተው አመጡልኝ። ስፌቱ ያምራል። ግን ቆዳው ወፍራም ስለሆነ መስኮቷን በከፊል ሸፈነብኝ፣ ጣቴም አሁንም የሚያርፍበት የለውም። እንዲህ ለፍተውበት እንዴት አይሆንም ልበላቸው? አመሰገንኳቸው። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ባለፉ ቁጥር እንዲያዩልኝ ብዬ እይዘዋለሁ፤ ዘወር ሲሉ አስቀምጠዋለሁ።

ነቁብኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ደክመውበት ነዋ፣ ጋሼ።»

«የማይመችሽን ነገር አመስግነሽ ብትይዢው እኔ ምን ተጠቀምኩ? ሙሉ ልብስ የጠበበው ሰው "ጠበበኝ" ካላለ በየት በኩል ልፍታለት?»

ተያይተን ሳቅን። ያን ዕለት እኔው መላ አመጣሁ። ቆዳውን አውልቄ፣ ሰም አለስልሼ፣ ካሜራውን በላስቲክ ሸፍኜ፣ ሰሙን ፊቱ ላይ ለጠፍኩና እንደሚመቸኝ አድርጌ ጨበጥኩት። ሲጠነክር ሳየው አፈርኩ። በመሐል ጣቴ ቦታ ሰፊ ጉድጓድ አለ፤ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼ ያረፉበት ደግሞ ወደ ጎን የተጣመመ ነው። ላስተካክለው ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ተዪው። እጅሽ ይሄ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ የኀዘኔታ ነገር አልነበረበትም፤ የትከሻ ልክ እንደሚወስዱ ዓይነት ነው የተናገሩት።

አንድ የሰፈር አናጢ ከወይራ እንጨት በሰሙ ልክ እጀታ ጠረበልን። ከካሜራው ሥር ባለችው የሦስት እግር ማቆሚያ ማሰሪያ ቀዳዳ በቡሎን ያዝነው። ለአውራ ጣቴ ከኋላ ትንሽ ጉብታ አበጀንለት። ጋሼ በስስ ቆዳ አለበሱት። ስፌቱ ትንሿን ጣቴን ይሞርደኝ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ወዲያው ነገርኳቸው፣ ፈተው እንደገና ሰፉት።

ጥር ላይ በዜማ ትምህርቷ ከምትታወቀው ከእኛዋ ቤተ ልሔም ተጠራሁ። ያስጠሩኝ አንድ የኔታ ናቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። አስተምረው በየአገሩ የበተኗቸው ደቀ መዛሙርት የእሳቸውን ፎቶ እየለመኑ አስቸግረዋቸዋል።

«የኔታ፣ እርስዎ ላያዩት...» ብዬ ጀመርኩና ደነገጥኩ።

«እነሱ ያዩታላ፣ ልጄ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ብቻ ትምህርቱን እንዳታስተጓጉዪብኝ።»

ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከየኔታ ጎጆ በር ቁጢጥ ብዬ አንድ ተማሪ ዜማውን ሲያወርድ፣ እሳቸው ሲያርሙት፣ አንዴም በእጃቸው ጉልበቱን ቸብ ሲያደርጉት አነሣኋቸው። ካሜራው እጄ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ፊልሙ አልቆ መጠምዘዣው አልዞርም ሲለኝ ነው እጅ እንዳለኝ ራሱ ትዝ ያለኝ። ከአርብ ገበያው ሰርግ ወዲህ እጄን ረስቼ አንሥቼ አላውቅም።

ያኔ ሕመሙ መጣ። ተነሥቼ ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩ።

«ጨረስሽ?» አሉኝ የኔታ።

«ጨርሻለሁ፣ የኔታ።»

«እኛስ ገና ነን» አሉና ተማሪውን ካቆመበት እንዲቀጥል አዘዙት። የሚሞቅ ነገር አምጡላት ሲሉም ሰማኋቸው። በትልቅ ጣሳ ትኩስ አጥሚት መጣልኝ፤ በሁለት እጄ አቅፌ፣ ዜማውን እየሰማሁ ቀስ ብዬ ጠጣሁት።