ገንዘቡ በሰኔ ይመጣል

ቬልዳ ሆርንባክ በኦተር ፎርድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበረች። ከተማችን ትንሽ ናት፤ አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ ባንክ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን እስከሚደርስበት የስንዴ ማሳ ነው። እኔ በመጦሪያው የነርስ ረዳት ነኝ፤ አዛውንቶቹን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። የቬልዳ እናት ኢርማም ከማጎርሳቸው አንዷ ነበሩ። በዚያ የበረዶ ወራት የሆነውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ቬልዳ ራሷ ነግራኛለች።

እኛ ዘንድ ከኪሳቸው የሚከፍሉ አዛውንቶች ጥቂት ናቸው። የቀሩት ቤታቸውንም መሬታቸውንም ሸጠው የጨረሱ ስለሆኑ የሚከፍልላቸው የግዛቱ መንግሥት ነው። መንግሥት ግን ቀድሞ አይከፍልም። እኛ እናበላለን፣ መድኃኒት እንገዛለን፣ ቤቱን እናሞቃለን፤ ከዚያ ሒሳቡ ይላክና ገንዘቡ በቀጠሮው ይመጣል። ያውም ከዓመታት በፊት በነበረ ዋጋ ተተምኖ። ቬልዳ ከአንዱ ቀጠሮ እስከ ሌላው ትንፋሿን ይዛ ነበር የምትኖረው።

ደግሞ ፔንሮዝን ሁላችንም እናስታውስ ነበር። በጎረቤታችን በፔንሮዝ ከተማ የነበረው መጦሪያ ባለፈው መኸር ገንዘብ አልቆበት ተዘጋ። አዛውንቶቹ በአውቶቡስ ተጭነው በየአቅጣጫው ተበተኑ። ዕድሜ ልካቸውን አብረው የኖሩ ባልና ሚስት አንድ ላይ አልጋ አልተገኘም ተብሎ ተለያዩ። ባልየው የገናን በዓል ሳያዩ ሞቱ። ሚስትየው እስከ ዛሬ “መቼ ነው የሚመጣው?” እያሉ ይጠይቃሉ አሉ።

በየካቲት አንድ ጠዋት ለኢርማ የጆሮ መስሚያ ባትሪ ልጠይቅ ቬልዳ ቢሮ ገባሁ። ከዋናው ከተማ ስልክ ተደውሎላት ነበር። እጇ ሥራ ስለያዘ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።

“የየካቲቱ ክፍያ ወደ ሰኔ ተዛውሯል” አለች የደወለችው ሴትዮ።

“ወደ ምን?”

“ወደ ሰኔ። በጀቱ ስላልጸደቀ አዲስ የጊዜ ሰሌዳ ወጥቷል። ይከፈላል እኮ፣ አይቀርም።”

“እስከዚያ ምን ላብላቸው?”

“እሱን እንኳ እኔ አላውቅም። የእኔ ሥራ ሰሌዳውን ማሳወቅ ነው።”

ቬልዳ ስልኩን ዘጋችና ፈገግ ልትልልኝ ሞከረች። ከንፈሯ አልታዘዘላትም። “ባትሪው መሳቢያው ውስጥ አለ” አለችኝ። “የሰማሽውን ለማንም እንዳትተነፍሺ።”

አልተነፈስኩም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አይቀርም። ወተት የሚያመጣው ሬይ በኋላ በር ቆሞ ኮፍያውን እያሻሸ፣ “ቬልዳ፣ ከዛሬ ጀምሮ እጅ በእጅ ካልሆነ አታውርድ ተብያለሁ። የእኔ ሐሳብ አይደለም” አላት። ቀጥሎ መድኃኒት ቤቱም እንደዚያው አለ። ወጥ ቤት ሾርባው ውሃ ይበዛበት ጀመር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኦርቪል ጥቁር ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መግቢያው በር አጠገብ ተቀመጡ። ባቡር ነጂ የነበሩ፣ አሁን ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ናቸው።

“ካፖርቱን ላውልቅልዎት? ይሞቅዎታል እኮ” አልኳቸው።

“አውቶቡሱ ሲመጣ ልብስ ማልበሻ ጊዜ አይሰጡም። ፔንሮዞችን በሌሊት ልብሳቸው ነው የጫኗቸው።”

“አውቶቡስ ይመጣል ያለው ማነው?”

“ወተቱ ቀጥኗል፣ ልጄ። የታወረው ዓይኔ ነው እንጂ ምላሴ አይደለም።”

ሳቅ አልኩና ካፖርቱን ተውኩላቸው። በዚያው ሳምንት ሌሎቹም ተከተሏቸው። አንዷ ዳቦ ትራስ ሥር መደበቅ ጀመሩ። አንዱ ጫማዬን አላወልቅም አሉ። ገላቸውን ሳጥብ እጄን እንደ ሕፃን ጭምቅ አድርገው የሚይዙኝ በዙ።

የደሞዝ ቀን መጣ። ካልተከፈለን ብዙዎቻችን መቅረታችን ነው፤ ሠራተኛ ከጎደለ ደግሞ ሕጉ ራሱ ቤቱን ያስዘጋዋል። ቬልዳ ባንክ ሄዳ ብድር ጠየቀች፤ አይሆንም አሏት። በቤቱ ሒሳብ የቀረው ከደሞዛችን ለግብር የተቆረጠው ብቻ ነበር። ያ ገንዘብ የቤቱ አይደለም፤ የመንግሥት ነው። የነካው ሰው በራሱ ስም ይጠየቃል፣ ሊታሰርም ይችላል። ቬልዳ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ነካችው። ደሞዛችን ገባ፤ እኛም ተመስገን ብለን ወደ ሥራችን ተመለስን። በሚቀጥለው ደሞዝም እንዲሁ አደረገች።

ከዚያ በኋላ ቬልዳ ሌላ ሰው ሆነች። ቢሮዋን ከውስጥ ትቆልፋለች። ስልክ ሲጮህ ትዘላለች። ምሳዋን አንድ ጊዜ ጎርሳ ትተወዋለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ሆነ። እኔ ካንሰር ይዟት ይሆን ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ የማናውቀው ሰው በረዶውን እየረገጠ ወደ በሩ መጣ። ቬልዳ አብራኝ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግድግዳውን ተደገፈች።

“መጡ” አለች በሹክሹክታ።

“እነማን?”

ሰውየው ገባና ጫማውን አራገፈ። “ሥራ አስኪያጇን ፈልጌ ነበር።”

“እኔ ነኝ” አለች።

“ከቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ነኝ። ዘንድሮ ዘገየን፤ ለአዛውንቶቹ በየዓመቱ የምንሰጠውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አምጥቼ ነው።”

ቬልዳ ተቀበለችው፣ አመሰገነችው፣ ከዚያ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ስከተላት በሳቅና በለቅሶ መሃል ሆና አገኘኋት። ያኔ ነው ሁሉንም የነገረችኝ። “ከዚህ በላይ አልችልም” አለች። “ልቤ አንድ ቀን ቀጥ ይላል።”

ከሰዓት በኋላ የመጦሪያውን ቦርድ ሰብሳቢ ሌስተር ክዌድን ጠራችው። ጡረታ የወጣ የከብት ሐኪም ነው። ስትነግረው አብሬያት እንድቀመጥ ለመነችኝ።

“ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?” አላት።

“ብነግራችሁ ትዘጉት ነበራ።”

“ምናልባት” አለ ሌስተር። “አሁንም ልንዘጋው እንችላለን። ለማንኛውም ነገ ጠበቃ እንጠራለን፤ ከዚያ የአውራጃውን ምክር ቤት እንለምናለን።”

የምክር ቤቱ አዳራሽ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ልመናው የአውራጃው የመንገድ ገንዘብ ለመጦሪያው እስከ ሰኔ በብድር እንዲሰጥ ነው። የመንገድ ክፍሉ ኃላፊ ዶይል ስታንገር ብድግ አለ።

“የእኔ ጠጠር መግዣ እኮ ነው! በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲቦረቦር ማንን ልትሰድቡ ነው? እኔን!”

ቬልዳ ተነሳች። የጻፈችውን ንግግር ጠረጴዛው ላይ ተወችው። “ግብሩን የነካሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። እኔን ክሰሱኝ። እነሱን ግን አውቶቡስ ላይ አትጫኗቸው።”

ከሦስቱ የምክር ቤት አባላት አንዱ ደገፈ፣ አንዱ ተቃወመ። የቀሩት ሃሪየት የሚባሉ ከብት አርቢ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉ፣ እንደገና ጠረጉ። ቬልዳ ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ ጥፍሮቿ ቆዳዬ ውስጥ ገቡ።

“ዶይል፣ እኔም በዚያ መንገድ ነው የምነዳው” አሉ ሃሪየት። “ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ይበደሩ።”

ቤቱ እንዲህ ተረፈ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። የምሥራቁ ክንፍ ተዘጋ፤ አዛውንቶቹ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሆነው ተጨናነቁ። ሦስት ባልደረቦቼ ከሥራ ተባረሩ። ጠበቃው ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማማ፤ ዕዳው ከነቅጣቱ በየወሩ ሊከፈል ሆነ። ቬልዳን አላሰሯትም፤ ሥራ አስኪያጅነቷን ግን ለቀቀች። አሁን ጎተራው ቢሮ ውስጥ ስልክ ታነሳለች፤ በምሳ ሰዓት እየመጣች እናቷን ታጎርሳለች።

የመንግሥት ገንዘብ የገባ ቀንም ለእናቷ የተፈጨ ድንች እያጎረሰች ነበር። ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ ብዬ፣ “ገብቷል” አልኳት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። “ሙሉውን?”

“ሙሉውን። በድሮው ዋጋ።”

“የሚቀጥለውስ? መቼ ነው አሉ?”

“ገና አልታወቀም።”

ቬልዳ ዞር ብላ በሩን አየች። ኢርማ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

“ምን ሆነሽ ነው? አይጥ አየሽ እንዴ?”

“ምንም አልሆንኩም፣ እማዬ” አለች ቬልዳ። ማንኪያውን አነሳች። “በይ ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።”