ሁለት መንጋጋና አንድ ጎተራ

ትናንት ቡሬ ገበያ ከቅመም ሻጯ ፊት ስደርስ የቅርንፉድ ሽታ አፍንጫዬ ገባና፣ ምላሴ ማንም ሳያዘው ወደ ቀኝ ጉንጬ መጨረሻ ሄደ። እዚያ ከላይም ከታችም መንጋጋ የለኝም። ሰፊ ቦታ ነው፤ የመሸበት እንግዳ ቢመጣብኝ አሳድርበት ነበር።

ስሙኝማ። ጊዜው ጣሊያን ቡሬ ላይ መሽጎ የተቀመጠበት ነው፤ ፍኖተ ሰላምም ገና ወጀት ትባል ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ጎረምሳ ነበርሁ። ታላቅ ወንድሜ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገብቶ ከረመና፣ በጥቅምት መጨረሻ ጭኑን በጥይት ተመትቶ በበቅሎ ተጭኖ መጣ። ቁስሉ አመርቅዟል፤ ከቤት ወደ ሌላ ቦታ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ጣሊያን ደግሞ አርበኛ የተገኘበትን ቤት ከነሰዉ ነበር የሚያቃጥለው። ለጣሊያን ያደረው ጭቃ ሹማችን ወንድሜ መምጣቱን ሳይጠረጥር አልቀረም፤ በየቀኑ በደጃችን ማለፍ አበዛ።

አባቴ ሦስት ቀን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱና በአራተኛው ቀን ቆረጡ። «ልጄ በረሃ ወርዶ በንዳድ ሞተ» ብለው መርዶ አስነገሩ። የሞተን ሰው ማን ይፈልጋል? ሬሳ ከሌለ የሟች ልብስ ተዘርግቶ ይለቀሳል፤ የአገሩ ወግ ነው። ምስጢሩን ከቤታችን ሰው ሌላ የሚያውቁት የነፍስ አባታችን ብቻ ነበሩ። እሳቸውም፣ «ለቁም ሰው ፍትሐት አላደርስም፤ ከለቅሶው ግን እቀመጣለሁ» አሉ።

ሁሉ ነገር ተሟላ፤ ያስቸገረው የእኔ ነገር ነበር። እኔ ለቅሶ ቤት ሳቄን መያዝ የማልችል ፍጡር ነኝ። ከዚያ በፊት ከሁለት ለቅሶ በዱላ ተባርሬያለሁ፤ አንደኛው የገዛ አክስቴ ለቅሶ ነበር። አባቴ ባዩኝ ቁጥር ራሳቸውን ይይዛሉ። «ይኼ ልጅ በአንድ ሳቅ ያስጨርሰናል» ሲሏት ነበር እናቴን።

በዚያው ሰሞን የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋዬ እየወጣ ያመኝ ጀመር። እናቴ፣ «ይኼ ሲወጣ ልብ ትገዛለህ» ትለኝ ነበር፤ ልቡ ቀርቶ እንቅልፌን አጣሁ። አባቴ ማረሻ የሚሠራውን ቀጥቃጭ አስጠሩ፤ ለአገሩ ሁሉ ጥርስ የሚነቅል እሱ ነው። ወንድሜ ከተኛበት ራቅ ብለን፣ ደጅ ላይ ሁለት ጎረምሳ እግሬን ያዘ፤ ጉጠቱ ከነጭስ ሽታው አፌ ውስጥ ገባ። ጩኸቴ ደንበጫ ድረስ ተሰማ፤ እዚያም ሰዎች ዝናብ መጣ ብለው እህላቸውን አስገቡ።

«በቃ፣ ወጣ» አለ ቀጥቃጩ።

«የላዩንም» አሉ አባቴ።

«የላዩ እኮ ደኅና ነው፣ አያ!»

«ነገ ማመሙ አይቀርም። ንቀለው ብዬሃለሁ።»

ያኔ ለእኔ ያሰቡልኝ መስሎኝ ነበር።

ለቅሶው ሁለት ቀን ሲቀረው ጉንጬ ዱባ አከለ። በሩ ጠቦኝ በጎኔ ነበር የምገባው። እናቴ በሞቀ የጨው ውሃ ታጉመጠምጠኛለች፤ የተወቀጠ ቅርንፉድ በጥጥ አድርጋ ታስነክሰኛለች። ከአንድ ቅል አጥሚት ከወንድሜ ጋር እየተቀባበልን እንጠጣ ነበር። «ጥይት ለበላውና ጥርስ ለተነቀለው እኩል ይሰፈራል እንዴ?» ይለኛል። አፌ አይከፈት፣ ምን ልመልስ? ዕድሜ ልኩን የሰደብሁትን በሁለት ቀን ተወጣው።

የለቅሶው ዕለት ጠዋት ወንድሜን ተሸክመን ግቢው ዳር ያለው ጎተራ ውስጥ ከተትነው። አዝመራው ገና ስላልገባ ጎተራው ባዶ ነበር፤ ከአምናው ጤፍ አቧራ በቀር። እኔም ጎተራውን ተደግፌ ተቀመጥሁ። ልብሱ ተዘረጋ፤ አስለቃሿ ጀመረች። «ለእናቱ ታዛዥ፣ ለወንድሙ አዛኝ» ስትል፣ ያ አዛኝ «ባዶ ነው» ብሎ የንብ ቀፎ ውስጥ እጄን ያስከተተኝ ቀን ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ሳቁ ጉንጬ ዘንድ ሲደርስ እሳት ሆነ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሳቄ በመጣ ቁጥር ሕመሙ ያስለቅሰኛል፤ ስለ ወንድሜ ደግነት በተወራ ቁጥር እኔ እንደ ሐምሌ ሰማይ አነባለሁ።

ጭቃ ሹሙ ሁለት ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ ገባ። ልብሱን አየ፤ አባቴን አየ፤ እኔ ፊት መጥቶ ቆመ። ይኼኔ ከጎተራው ውስጥ አንድ ማስነጠስ ተሰማኝ። ቀጭን ናት፤ ለቅሶው ዋጣት። ወንድሜ ግን ከተወለደ ጀምሮ አንዴ አስነጥሶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሁለት ነው፤ ሁለተኛዋም በሬ ታስበረግጋለች።

«ወንድሜን!» ብዬ ጮኽሁና ፊቴን ከጎተራው ጋር አላተምሁት። ቁስሉ ተከፈተ፤ ደሙ በአገጬ ወርዶ ጋቢዬን አለበሰው። ሁለተኛዋን ማስነጠስ ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

«ኧረ ይህን ልጅ ደግፉት!» አለ ጭቃ ሹሙ። «ወንድሙን ተከትሎ ሊሄድ ነው እኮ!» ተቀመጠ፤ ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ፤ ንፍሮውን ቀምሶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠም።

ሰው ከተበተነ በኋላ ወንድሜን ስናወጣው ፀጉሩ ጤፍ የተነሰነሰበት መስሏል። «እንዲህ የምትወደኝ አልመሰለኝም ነበር» አለ። ሳቅሁ፤ ደማሁ፤ እንደገና ሳቅሁ። እናቴ ከመርዶው ቀን ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ በአንዴ ለቀቀችው። አባቴ አገጬን ይዘው አፌን ከፈቱና ጉድጓዶቹን ሲያዩ ቆዩ።

«የላዩን ይቅር በለኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ያኔ ነው የገባኝ።

ወንድሜ ዳነ። ጣሊያንም ሄደ። ከዚያ በኋላ እያነከሰ በየሄደበት «የገዛ ለቅሶውን ተቀምጦ የሰማ ሰው እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ስንት ዘመን አስቆናል።

አምና ሞተ። ለቅሶው በዚያው ግቢ ነበር። ጉንጬ ደኅና ነው፤ ሳቅ የሚባል ነገርም አልመጣብኝም። ከሕዝቡ መሐል አንድ ሕፃን አስነጠሰው፤ አንድ ጊዜ። እኔ ሽማግሌ ልሆን የተቃረብሁት ሰውዬ፣ ምላሴን ባዶው ቦታ ላይ አድርጌ፣ ጆሮዬን ወደ ጎተራው አዙሬ ሁለተኛውን ስጠብቅ ቆየሁ።