ሣራ የት ነበረች?

እኔን የያዙኝ እየዘመርኩ ነው። ዳንግላ፣ አንዲት እህታችን ጓዳ ውስጥ ተሰብስበን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር፤ መዝሙሩ ሲጥመኝ ግን ረስቼው ከፍ አደረግኩት መሰለኝ። ቀበሌዎች ገቡ። ሌሎቹ በጓሮ በር ወጡ፣ እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ስፈልግ ቀረሁ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ከግድግዳው ስንጥቅ አሁንም የዳጉሳ ፍሬ ይረግፋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ መስማት ያቅተናል፤ ሲያባራ ደግሞ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ከመንገዱ ይመጣል። ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ስልሳ ያለፋቸው የገጠር ሰው፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ።

«አንቺ ደግሞ በምን መጣሽ?» አሉኝ።

«በጸሎት።»

«በጸሎትም ይታሰራል?» ሳቁ። ከዚያ አንገቴን አዩት። «እህ! ጴንጤ ነሽ። በይ ነይ፣ እዚያ ያፈሳል።»

እሳቸው የታሰሩት በልጃቸው ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሲወጣ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት የቀበሌው ካድሬ በሩ ላይ ይቆምና በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት «አንቺ» እያለ አንድ ነገር ብቻ ይላቸዋል።

«ልጅሽን ስጪና ሂጂ።»

እሱ ሲሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይጸልያሉ፤ ዘበኛው እንዳይገባው በአገውኛ። እኔንም ከተሜ ስለሆንኩ አገውኛ አትሰማም ብለው ገምተዋል። እናቴ አገው ናት፣ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። «ጊዮርጊስ፣ አዘና ከተማ፣ እህቴ ቤት ያለውን ልጄን ሰውርልኝ» ነበር የሚሉት። እሰማለሁ ብዬ ባስደነግጣቸው ምን ይጠቅማል ብዬ ዝም አልኩ። ስህተቴ እሱ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲተክዙ ሳይ ላጽናናቸው ፈለግኩ። እኔ ማጽናናት የማውቀው በተረክ ነው። ከአባቴ የሰማሁትን የአብርሃምን ታሪክ ጀመርኩላቸው። ደግሞ አሳጥሬ አላውቅበትም! አህያውን ጫንኩ፣ እንጨቱን ፈለጥኩ፣ የሦስት ቀኑን መንገድ አስኬድኳቸው።

«እግዚአብሔርም ምን አለው፣ አንድ ልጅህን ስጠኝ አለው…»

ቆሏቸውን መቆርጠም አቆሙ። «ስጠኝ ነው ያለው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እዚያ በር ላይ እንደሚቆመው ሰውዬ?»

ያኔ ገባኝ፤ ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«ኧረ በእግዚአብሔር! መጨረሻውን ይስሙኝ እንጂ፤ በጉ ተገኘ፣ ልጁም ተረፈ!»

«መጨረሻውን አንቺ አትነግሪኝም። ደብራችን ግድግዳ ላይ ተስሏል። አባትየው አለ፣ ልጁ አለ፣ በጉም በዕፀ ሳቤቅ ተይዞ አለ። እናትየዋን ግን ስፈልጋት ነው የኖርኩት። ሣራ የት ነበረች?»

«መጽሐፉ… አይልም።»

«ሳይነግራት ነዋ የወሰደው! ብትሰማ ኖሮ ትሰጠው ነበር?»

ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ ሰማሁት፣ ስንቱን ሰው በእሱ አስለቀስኩ! እናትየዋን አንድ ቀን ፈልጌያት አላውቅም። ሴትዮዋ ጀርባቸውን ሰጡኝ። የዚያን ቀን ጮክ ብለው አልጸለዩም።

በማግስቱ ካድሬው አስጠራኝ። መጽሐፍ ቅዱሴ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«እናንተ ጴንጤዎች አትዋሹም አሉ።»

«አንዋሽም» አልኩት፣ ኮራ ብዬ።

«ጥሩ። አሮጊቷ የምትለፈልፈው ዘበኛውን አይገባውም። እናትሽ አገው ናት ሲሉ ሰማሁ። ልጁ የት ነው? ንገሪኝና መጽሐፍሽን ይዘሽ አሁኑኑ ቤትሽ ግቢ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ምንም አልመጣልኝም። አትዋሹ የሚለው አለ፣ የአብርሃም መታዘዝ አለ፣ የአባቴ ድምፅ አለ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይንጫጫል፣ የቱን እንደምከተል ጠፋኝ። ጥርት ብሎ የሚሰማኝ የሴትዮዋ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«አገውኛ አልሰማም» አልኩ።

«የገዛ እናትሽን ቋንቋ?»

«እናቴ በአማርኛ ነው ያሳደገችኝ።» ይህም ውሸት ነው። ፊቴ ጋለ።

አየኝ፣ አየኝና ሳቀ። «ጴንጤም ይዋሻል ለካ!» መጽሐፌን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት። ከዚያ ወዲያ መጽሐፌን አላየሁትም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጥኩና በአገውኛ፣ በጆሯቸው፣ «እናቴ፣ ከእንግዲህ ሲጸልዩ አገር አይጥሩ» አልኳቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«አልነገርሽውም?»

«አልሰማም አልኩት።»

አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ አልለየሁም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሳቸውን ከእኔ በፊት ለቀቋቸው፤ ምናልባት አሳሪዎቹ ሰልችቷቸው ይሆናል። ልጃቸው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እኔ ከእሳቸው በኋላ አራት ወር ቆየሁ።

አሁን በራችንን ከፍተን፣ ደስ እስኪለን ጮኸን እንዘምራለን። እኔም እምነቴን አልተውኩም። ለዚያ ውሸት ንስሐ ልግባ ብዬ ግን ስንት ጊዜ ተንበርክኬያለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ» እላለሁ፤ ስለ ምን እንደሆነ ስደርስ አፌ አልታዘዝ ይለኛል። ከዚያ ጉልበቴን አራግፌ እነሣና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።