ዛፍራን የጠጣ ወለል

ልጅ ሳለሁ ሰው በአፍንጫዬ ነበር የምለየው። እናቴ የሳሙናና የሽንኩርት፣ አባቴ የናፍጣ፣ እማማ ጥሩነሽ ደግሞ የኮረሪማና የጭስ ጠረን ነበራቸው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ማን ወደ ግቢ እንደገባ እናገር ነበር። ዛሬ ሰፈሩ ወሬኛ ይለኛል፤ ይበል። ወሬ ግን ከአፍ አይደለም የሚነሳው፣ መጀመሪያ በአፍንጫ ነው የሚገባው። ይህን ያስተማሩኝ ነፍሳቸውን ይማርና እማማ ጥሩነሽ ናቸው።

ግቢያችን ከኮተቤ መንገድ ገባ ብሎ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ማድቤት የሚጋራበት ነበር። እማማ ጥሩነሽ ሾላ ገበያ ቅመም የሚቸረችሩ፣ ባል የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴትዮ ነበሩ። ማድቤቱ በስም የሁላችን ይሁን እንጂ ጉልቻውም ጥግ ጥጉም በሳቸው ማዳበሪያና ቁና የተያዘ ነበር፤ ደፍሮ የሚናገራቸውም አልነበረም። ያኔ መብራት ከሚበራበት የሚጠፋበት ይበዛ ነበርና፣ ገና አመሻሹ ላይ ጨለማው ሲወርድ እኛ ልጆች ወደዚያ ማድቤት እንሮጣለን፤ ኩራዙ ግድግዳው ላይ ይንቀለቀላል፣ ከእንጦጦ የወረደው የባህር ዛፍ ጭራሮ እየተንጣጣ ፍም ይሆናል፣ እኛም በፍሙ ዙሪያ ተኮልኩለን ኮረሪማ እየፈለፈልን ተረታቸውን እንጠብቃለን። ፈልፋዩ እኛ፣ ሻጯ እሳቸው፤ ክፍያችን ተረት ነበር።

ሌላ ሰው ተረት ሲጀምር በላም በረት ነው። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው «አፍንጫ አላችሁ?» ይሉናል።

«አለን!»

«እንግዲያስ አሽትቱ» ብለው ይጀምራሉ።

ከሁሉ የምንወደው የዛፍራኗን ልጅ ተረት ነበር። ዛፍራን ማለት ዛሬ ልጆቹ ሳፍሮን የሚሉት፣ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ቅመም ነው፤ ወጥ ውስጥም ይገባል፣ ሽቶም ይሠራበታል። ከባሕር ማዶ አንዲት ልጅ በነጠላዋ ጫፍ ይህን ክር ቋጥራ ወደ አንድ ንጉሥ አገር መጣች አሉ። ምግብ ስትሠራ ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ያውዳል፤ እሷም ራሷ ታውዳለች። ንጉሡ ላግባሽ አላት። የቤቱ አሮጊት ወጥ ቤት ጭልፋዋን ልትነጠቅ መሆኑ ገባትና ወደ ንጉሡ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ጃንሆይ፣ ከስሯ የሚሸት ነገር ባይኖር ይህን ሁሉ ሽቶ ምን አስለበሳት? ትታጠብና ይታይ» አለች። ልጅቷን ወንዝ ወሰዷት። በውሃ አጠቧት፣ ጠረኑ አልለቅ አለ። በአመድ ፈተጓት፣ አልለቅ አለ። በአሸዋ፣ ቀጥሎ በድንጋይ።

እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁላችንም አንድ ላይ የምንጠይቃት ጥያቄ ነበረች። «ከስሯስ ምን ተገኘ?»

እማማ ጥሩነሽ ፍሙን በመቆስቆሻ ነካ ያደርጋሉ። ከዚያ «ምንም» ይሉናል። «ምንም አልተገኘም። ቆዳዋ አለቀ፣ አጥንት ቀረ። ንጉሡ አለቀሰ። ደሟ በፈሰሰበትም ሱፍ በቀለ፤ ለዚህ ነው የሱፍ አበባ ቀለም እንጂ ጠረን የሌለው።»

«አሮጊቷስ?»

«እሷማ ወጥ ሠራች። ንጉሡም በላ።»

እንስቅ ነበር። ልጅ ጨካኝ ነው፤ ቆዳዋ ያለቀበት ቦታ ላይ እንኳ «ይደገም» እንል ነበር።

እንዲህ እያለን ነው የጎረቤታችን የጋሽ መኮንን ልጅ ሰናይት ከቤሩት የመጣችው። ቀይ፣ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የማትሸፍን ልጅ ነበረች፤ ይኼ ራሱ በግቢያችን ሴቶች ዘንድ አንድ ወሬ ነበር። እዚያ አንዲት የታመመች አሮጊት ቤት ምግብ ታበስል ነበር፤ አሮጊቷም ስትለያት አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ዛፍራንና አንድ ጠርሙስ የዛፍራን ሽቶ ሰጥታ ሸኘቻት። ያ ሽቶ እንደ አበባ የሚሸት አይደለም። መጀመሪያ ደረቅ ሣር ይሸታል፣ ቀጥሎ ማር፣ መጨረሻ ላይ ግን ከካርቶኑ እንደወጣ አዲስ የቆዳ ጫማ። እኔ እንዲያ ያለ ነገር አሽትቼ አላውቅም ነበርና፣ ቧንቧው ጋ ወረፋ ስትይዝ ሆን ብዬ ከኋላዋ እቆም ነበር። ለግቢው ልጆች በዛፍራን ሩዝ ሠርታልን ነበር፤ ብጫው ሩዝ አፌ ሲገባ ሽቶ የጠጣሁ መሰለኝ። ግማሹ ልጅ ተፋው። እኔ ሳህኑን ላስኩት።

መዘዙ የመጣው ከሾላ ነው። አንድ ቅዳሜ እናቴ፣ ሰናይትና እኔ ቅመም ልንገዛ ሄድን። እማማ ጥሩነሽ ከቁናዎቻቸው ፊት ለፊት፣ በትንንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ቀያይ ነገር «ዛፍራን» እያሉ ይሸጣሉ፤ ከመኪና የወረዱ ሴቶች ከበዋቸዋል። ሰናይት አንዱን ላስቲክ አንስታ አሸተተችና ሳቀች።

«ውይ እማማ፣ ይኼ እኮ የሱፍ አበባ ነው! አታለውዎታል!»

«ምን አልሽ የኔ ልጅ?»

ተንኮል አልነበረባትም። እሳቸው የተታለሉ መስሏት ነው፤ የልጅቷ የከፋው ስህተት ይህ ነበር። በብርጭቆ ውሃ አስመጣችና ከቆርቆሮዋ አንድ ሁለት ክር ጣለችበት፤ ብጫው ቀስ እያለ እንደ ጭስ ወረደ፣ ክሩ ግን እንደቀላ ቀረ። በሌላ ብርጭቆ የሳቸውን ጣለችበት፤ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ የአበባ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ጠረን የሚባልም የለው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ላስቲኮቹን አንድ በአንድ መልሰው አስቀመጡ።

እማማ ጥሩነሽ ሳቁ። «ተባረኪ ልጄ፣ አገር አይተሽ መጣሽ» ብለው ጉንጯን ሳሟት። ያን ሳቅ ግን እኔ ከሥር ሆኜ አይቼዋለሁ። ጥርሳቸው ሲስቅ አፍንጫቸው ተነፋ።

ሰናይትን የጠየቃት ደረጀ የሚባል፣ ከመገናኛ ካራ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ወላጆቹ ከእንጦጦ ሥር ድንች የሚያመርቱ፣ ደብር የሚያውቃቸው፣ ስማቸው እንዳይነካ የሚሳሱ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉ ከሰኔ ጾም በፊት ሊሆን ተቆርጦ ነበር። የቀረው የልጁ እናት ጥየቃ ብቻ ነው። በኛ ዘንድ እናት የሙሽራዋ ቤት ሄዳ አትጠይቅም፤ ጎረቤት ቤት ሳትጠራ ብቅ ትላለች፣ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ታወራና ጥያቄዋን መሐል ላይ ሸጎጥ ታደርጋለች። ጎረቤት ክፉ ከተናገረ ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። ሰናይትም ይህን ታውቃለች። ቧንቧው ጋ እናቴን «እትዬ፣ ደረጀን ካጣሁ አባቴ መልሶ ይሰደኛል። ተመልሼ ከምሄድ ብሞት ይሻለኛል» ስትላት ሰምቻለሁ።

ወይዘሮ በላይነሽ፣ የደረጀ እናት፣ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት መጡና ማድቤታችን ገብተው ዱካ ላይ ተቀመጡ። እናቴም ነበረች። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ድንቹ ተወራ።

«እንደው ይቺ የመኮንን ልጅ…» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ? ስለ ሰው ልጅ?» እማማ ጥሩነሽ ደረታቸውን መቱ። «አፌን ይቁረጠው! እኔ ከነዚህ ውሪዎች ጋር ተረቴን ነው የማወራው።» ወዲያው ወደኛ ዞሩ። «አፍንጫ አላችሁ?»

«አለን!»

ጀመሩ። እንደዚያን ቀን አድርገው አውርተው አያውቁም፤ የልጅቷን ጠረን ሲገልጹ ደረቅ ሣር አሉ፣ ማር አሉ፣ አዲስ ጫማ አሉ። ከንጉሡ ጆሮ ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ልክ እንደተጠራ ያ ጠረን ራሱ በበሩ ገባ። ሰናይት ናት። አማቴ መጡ ብላ፣ ብጫ ሩዝ በሥጋ በሰፊ ሳህን ይዛ፣ ወሬ ላለማቋረጥ በሩ ላይ ቆመች። የኩራዙ ብርሃን እጆቿ ላይ ነበር።

በአሸዋ ታጠበች፣ በድንጋይ ታጠበች። እኛም እንደ ልማዳችን አንድ ላይ ጮኽን። «ከስሯስ ምን ተገኘ?»

እማማ ጥሩነሽ ፍሙን ነካ አደረጉ።

«ከስሯማ እጅ ተገኘ» አሉ። «የወንድ እጅ አሻራ። ሽቶውን የሰጣት ሁሉ እጁ ቆዳዋ ላይ ታትሞ ተገኘ። ንጉሡም አፍንጫውን ይዞ ሸሸ።»

«አይደለም!» አልኩኝ። «ምንም አልተገኘም ነው የሚባለው!» እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«አንቺ እንቅልፋም፣ መጨረሻው ላይ መች ነቅተሽ ታውቂያለሽ!» ብለው እማማ ጥሩነሽ ሲስቁ ልጆቹም አብረው ሳቁ። ወይዘሮ በላይነሽ አልሳቁም። በሩን እያዩ ነበር።

ሰናይት ገብታ ሳህኑን ፊታቸው አስቀመጠች። «እትዬ፣ ይቅመሱልኝ።»

«ጾም ላይ ነኝ» አሉ፣ ልብሳቸውን ሰብስበው።

ፋሲካ ገና ማለፉ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት ሰሞን። ሁላችንም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ሩዙ እንደተከመረ በረደ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጥተው «ልጁ ገና ራሱን አልቻለም» አሉ፤ ከዚያ ሌላ አልተናገሩም። በራችን ጋ ሲደርስ መኪናውን ቀስ ያደርግ የነበረው ደረጀ ከዚያ ወዲያ ነድቶት ነው የሚያልፈው። ጋሽ መኮንን የሰናይትን ፓስፖርት ሊያሳድሱ ጠዋት ጠዋት መውጣት ጀመሩ። ሰናይት ማድቤት ገብታ «እማማ፣ ምን አደረግኩዎት?» ብትላቸው፣ ቅመማቸውን እያመሱ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱላት። «ምን አልኩ ልጄ? ተረት እኮ ነው። ተረት አንቺን ከነካሽ እኔ ምን ላድርግ?»

በማግስቱ ከተሰጣው አንሶላ ኋላ ሆኜ አየኋት። ቧንቧው ሥር ተንበርክካ ክንዷን በቃጫና በአመድ ትፈትጋለች፤ ቆዳዋ ተልጦ ደም ይዟል። እናቴ ሮጣ እጇን ያዘቻት። «ተይ ልጄ! በማርያም ተይ!»

«ልየው እትዬ» አለች። «ከስሬ ምን እንዳለ እኔም ልየው።»

ከመሄዷ በፊት በነበረው ምሽት ኮረሪማ ስንፈለፍል ገባች። ለጉዞ ለብሳለች። እማማ ጥሩነሽን ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም «በሰላም ግቢ» አሉ። ቀና ስትል የሽቶውን ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣች፣ ክዳኑን ፈታችና ከምድጃው አጠገብ ጭቃው ወለል ላይ እስከ ጠብታው ገለበጠችው። መሬቱ እንደተጠማ ሰው ጠጣው።

«እኔን አጥበው ጨርሰዋል» አለች። «ይኼን ደግሞ ይጠቡት።»

ወጣች። ያ የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዓይቻት አላውቅም።

እማማ ጥሩነሽ ወለሉን አጠቡ። በአመድ ፈተጉ፣ አሸዋ ደፉበት፣ በዶማ ፋቁ፣ እንደገና በእበት ለቀለቁ። ቀን ቀን የለቀቀ ይመስላል። አመሻሽ ላይ እሳት ተያይዞ መሬቱ ሲሞቅ ግን ደረቁ ሣር ይነሳል፣ ማሩ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ አዲሱ ጫማ ይመጣል። ኮረሪማው ያዘው፣ በርበሬው ያዘው። ሾላ ላይ ደንበኛ እፍኝ አንስቶ አሽትቶ መመለስ ጀመረ። «እማማ፣ ሽሮዎ ጫማ ጫማ ይላል!» ብላ አንዷ ስትስቅባቸው እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

ተረቱንም ሊቀጥሉ ሞክረው ነበር። «አፍንጫ አላችሁ?» ይሉናል፣ እንደ ድሮው። «አለን!» እንልና ሁላችንም ወለሉን እናያለን። ማንም አላስተማረንም፤ ዓይናችን ራሱ ነበር ወደዚያ የሚወርደው። አንድ ቀን «አፍንጫ» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ከዚያ ወዲያ ኮረሪማቸውን ብቻቸውን ነበር የሚፈለፍሉት፤ እናቶቻችን እንድንሄድ ቢልኩንም አልሄድንም።

ከወራት በኋላ አንዲት የካራ ልጅ ከቤሩት ተመለሰች። ሰናይት መጀመሪያ ትሠራበት ከነበረው ቤት ፊት ለፊት ነበር የምትሠራው። ሴቶቹ ከበዋት «እሷስ እዚያ እንዴት ነበረች?» ሲሏት ግራ ገብቷት አየቻቸው። «ማን፣ ሰናይት? እሷ ምኑን አየችው! ከአሮጊቷ አልጋና ከማድቤት ወጥታ አታውቅም እኮ።» ወሬው ዕለቱን እንጦጦ ሥር ደረሰ አሉ። ደረጀ ግን ያኔ ሌላ አግብቶ ነበር።

ግቢው ዛሬ የለም፤ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። በቀደም መገናኛ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሽቶ የምትሸጥ ልጅ የእጄ አንጓ ላይ ነፋ አድርጋ «እትዬ፣ ይኼ ሳፍሮን ያለበት ነው፣ ምርጥ ነው» አለችኝ። ሣሩ መጣ፣ ማሩ መጣ። ጫማውን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ያኔ ጨካኙ ሁለተኛው መጨረሻ ነበር የሚመስለኝ፤ እጁ የተገኘበት። አሁን ሳስበው የከፋው የመጀመሪያው ነው። እማማ ጥሩነሽ በአፋቸው ለወጡት እንጂ ነገሩ ያለቀው እንደ ድሮው ነው፤ ልጅቷ ታጠበች፣ ታጠበች፣ ምንም አልተገኘባትም፤ አሮጊቷ ወጥ ሠራች፣ እኛም በላን። ከየካ እስከ ካራ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደፈታ፣ ማን እንደሞተ እኔን ቢጠይቁኝ አላጣም። የሰናይትን ወሬ ግን ከየመጣው ሰው ሁሉ ጠይቄ፣ እስከዛሬ ያገኘሁት ምንም ነው።