መራራ የተባለው ደሜ

እግሬ ላይ የወጣውን ሐምራዊ ነጠብጣብ ቀድማ ያየችው የባለቤቴ እህት ናት። የወለደች ልጄን አራስ ልንጠይቅ ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየሟ ሄደን ካልሲዬን ዝቅ ሳደርግ አፍጥጣ አየችው። ልጄን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ የሚጋባ ሊሆን ስለሚችል ሕፃኑን እንዳታስታቅፈኝ መከረቻት። ልጄ እያፈረች መጣች።

«እማዬ፣ እስክትታከሚ ብቻ» አለችኝ።

ልጄን አልተቀየምኩም። ያቺን ግን ድሮም ተቀይሜያታለሁ። ገና ሙሽራ ሳለሁ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ደመ መራራ ናት» ብላ ያስወራችብኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ከቤተሰቡ መሀል ስገባ ጨዋታው ይቀዘቅዛል።

ኢምፔሪያል አካባቢ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ደምና ሽንት ሰጠሁ፤ ከቆዳዬም ቆንጥረው ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ የልጅ ልጄን የማየው በር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆኜ ነበር።

ውጤቱን የነገረችኝ ሐኪም በልጄ ዕድሜ ናት። ደሜ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ትናንሾቹ የደም ሥሮቼ ግድግዳ ላይ ተቀምጧል አለች። ነጭ የደም ሴሎች ዝም ብለው ማለፍ ሲገባቸው እሱ ይጠራቸዋል፤ መጥተው ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፣ ያቆስሉታል፣ ደሙም ወደ ቆዳ ያፈተልካል። ነጠብጣቡ ያ ነው። ደግነቱ ኩላሊቴ አልተነካም።

«እና ደሜ መራራ ነው ማለት ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «እንዲያውም እማማ፣ እርስዎ ጋ የመጣው ሁሉ አልሄድም ብሎ ተለጥፏል።»

ሳላስበው ሳቅኩ። ስለ እኔ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቅኳት፤ ይጋባል ወይ?

«አይጋባም። የልጅ ልጅዎን ይታቀፉ።»

ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴን እንኳ አላመመኝም። በቀጥታ የሰሚት ታክሲ ያዝኩ። የባለቤቴ እህት ሕፃኑን ታቅፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸው። ልጄ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያቺ ግን፣ እኔ እኮ ለልጁ ብዬ ነው፣ አለች። ይቅርታ አልጠበቅኩም።

«አምጪው» አልኳት።

ሰጠችኝ። እኔ ሳልይዘው ከብዷል። ወዲያው ማልቀስ ሲጀምር መልሳ ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ጀርባዬን ሰጥቻት መስኮቱ ጋ ቆሜ አባበልኩት፤ ዝም አለ።