ጫቱ የቀረ ዕለት

ጅቡቲ ውስጥ የሰው ስም የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ናት?» ተብሎ ነው። እኔ ራሴ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እንኳ በሰፈራችን የምታወቀው የባቡሩ መካኒክ ልጅ ተብዬ ነበር። አባቴ ዕድሜውን በባቡር ጣቢያው ወርክሾፕ ነው የጨረሰው። ስሜን የሚያውቁት ቤተሰቦቼና ደመወዝ ከፋዮቼ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጠያቂነት ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ አመል ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽን ሰው በር ላይ ትተሽ ነው እንዴ የምትገቢው?» ትለኝ ነበር። ሰው ለምን በዚህ መንገድ ሄደ፣ ያቺ ሴት ለምን ዛሬ ሱቋን ዘጋች፣ ይህን ካላወቅሁ ምግብ አይወርድልኝም። ወደ አሰልጣኝነት የገባሁትም በዚሁ አመሌ እንጂ በኳስ ፍቅር ብቻ አይደለም።

የስፖርት መምህርት ሆኜ በተቀጠርኩበት ኮሌጅ የወንዶች ቡድን ነበር፤ የሴቶች አልነበረም። ለምን እንደሌለ ስጠይቅ «ሴቶቹ አይመጡም» አሉኝ። ለምን አይመጡም? «አይመጡማ!» እንዲህ ያለ መልስ ያናድደኛል። ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ልምምዱን ሰው ሁሉ በሚለማመድበት፣ ፀሐይ በረድ በሚልበት በአሥራ አንድ ሰዓት አደረግሁት። አራት ልጆች መጡ። አንዷ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ ነበር።

የቀሩትን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ራሴን አመመኝ፣ ፈተና አለብኝ፣ ወንድሜ ሊያገባ ነው። በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ያን ያህል ወንድም ባንድ ጊዜ ሲያገባ አይቼ አላውቅም። ሙቀቱ ይሆን? ሱሪው ይሆን? ወይስ እኔ ራሴ ነኝ? ሦስቱንም ተራ በተራ ጠረጠርኩ። ወፍራም ጥቁር ሱሪና ረጅም እጅጌ ያለው ማልያ አሠራሁ፤ ሻሽ ከኋላ እየታሰረ መጫወት እንደሚቻልም ራሴ አስሬ አሳየሁ። አሁንም አራት።

መልሱን ያገኘሁት ትራንስፖርት አጥቼ በእግሬ ስሄድ ነው። እኛ ከተማ ውስጥ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ከአምቡሊ በኩል የጫት መኪኖቹ ጥሩምባ ይሰማል። ያን ጊዜ ቢሮ ይዘጋል፣ ሚኒባሱ ተሳፋሪውን ያራግፋል፣ ወንዱ ሁሉ ዣንጥላ ሥር ወደተቀመጡት ሻጮች ይጎርፋል። እርጥብ ጆንያቸው ተገልጦ እስሩ ሲያልቅ ሁሉም በየበርጫው ይከተታል። ከዚያ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ የሚታየው ፍየል ነው። ያን ቀን ካርቲየ ሰባት የሚባለውን ሰፈር አቋርጬ ስሄድ ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬ አላስቀምጥ አለኝና ወደ ጠባቧ መንገድ ታጠፍኩ።

አንዲት ልጅ ረጅም ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ፣ በባዶ እግሯ ኳስ ከተዘጋ ሱቅ ግድግዳ ጋር ታጋጫለች። ኳሱ ሲመለስ በግራዋ ትቀበላለች፤ ሳታቆመው መልሳ ትመታለች። አወቅኋት። ተማሪዬም የሰፈሬም ልጅ ናት። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ስሟ ሲጠራ በፈረንሳይኛ «ፕሬዛንት»፣ አለሁ፣ ከማለት ሌላ ቃል ሲወጣት ሰምቼ አላውቅም።

«ልምምድ ለምን አትመጪም?» አልኳት፣ ሰላምታውንም ረስቼ።

«በዚያ ሰዓት አባቴ ይነሳል።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ተቀምጧል» አለችኝ፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን እያየችኝ።

እዚያው ቆሜ ሳቄ መጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ለካ የከተማው ወንድ ሁሉ ከበርጫ ተነስቶ በር ላይ የሚቆምበት፣ ሜዳ ዳር የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። አባት አለ፣ አጎት አለ፣ የጎረቤት ሽማግሌ አለ። ልጅቷ ሜዳ ለመድረስ ይህን ሁሉ ዓይን ማለፍ አለባት። ከጥሩምባው በኋላ ግን ከተማው የሴቶች ነው። እዚሁ ተወልጄ አድጌ ይህን ሳላየው የኖርኩት በእኛ ቤት የሚቅም ስለሌለ ይመስለኛል። አባቴ በዚያ ሰዓት ሬዲዮኑን ከፍቶ ያንኮራፋል።

ልምምዱን ወደ ስምንት ሰዓት አዞርኩት። ፕሮግራምም አልለጠፍኩም፤ «ጥሩምባው ሲያልፍ ኑ» ብቻ ነው ያልኩት። ጫቱ ከዘገየ ልምምዱም ይዘገያል። በሳምንቱ ሜዳው ሞላ። ያ «ወንድሜ ሊያገባ ነው» የተባለበት ሠርግ ሁሉ መቅረቱን አረጋገጥኩ። ፀሐዩ ቀልድ አይደለምና በቀዝቃዛዎቹ ወራት ብቻ፣ አጠር አጠር አድርገን ነበር የምንሠራው። ውሃ በጠርሙስ በረዶ አድርገን እናመጣለን፤ ጥቂት ሮጠን አጥሩን ተደግፈን ጥላው ውስጥ እንናፈሳለን፤ ደግሞ እንነሳለን። በሌላ ሰዓት የሚጫወት ቡድን ሲገጥመን ከእረፍት በኋላ ትንፋሽ የሚያጥረው እነሱን ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ዋንጫ ስናመጣ «ምስጢርሽ ምንድን ነው?» የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። ምስጢሩ ጫት ነው ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ችግር ቀረን፤ ማልያው። ላብ የጠጣ ማልያ ይዛ ቤቷ የምትገባ ልጅ ራሷን አጋለጠች ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በጆንያ ይዤ እሄድና ራሴ አጥቤ ጣሪያችን ላይ አሰጣለሁ። እናቴ «ሳታገቢ የዚህ ሁሉ ሴት ልጅ እናት ሆንሽ!» እያለች ትስቅብኛለች። ጎረቤቶቻችን የልብስ ንጽህና መስጫ የከፈትኩ መስሏቸው ዋጋ የጠየቁኝም አሉ።

የግድግዳዋ ልጅ ሰባት ቁጥር ለበሰች። እንደ እሷ ያለ ግራ እግር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላሰለጠንኩም። ኳስ እግሯ ሥር ሲገባ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ትጠፋና ሌላ ሰው ትመጣለች፤ አብዶ ትሠራለች፣ ትጮኻለች፣ ትቆጣለች። የትኛዋ ናት እውነተኛዋ እያልኩ ማሰብ ሥራዬ ሆነ።

አባቷን አውቃቸዋለሁ። ቤታቸው ከእኛ ጀርባ ነው፤ የወደብ ሠራተኛ ነበሩ፣ ጡረታ ወጥተዋል። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ስንገዛ የአባቴን ጉልበት ሕመም ሳይጠይቁኝ አያልፉም። አንድ ቀን የዳቦ ቤቱ ቴሌቪዥን የሴቶች ኳስ ያሳያል። ቀና ብለው አዩና «የእኔ ልጅ ብትሆን ከትምህርቷም አስወጥቼ ቤት ነበር የማስቀምጣት» አሉ። በንዴት ሳይሆን ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ነው ያሉት፤ የከፋኝም ይኸው ነው። ለልጅቷ ስነግራት አልደነቃትም። «ከሰማ የሚቀርብኝ ኳሱ ብቻ አይደለም፤ ኮሌጁም ነው» አለችኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየልምምዱ ዓይኔ አንድ ጊዜ ወደ መንገዱ ሳያይ አይውልም።

አንድ ዓመት ከድሬዳዋ የኮሌጅ ሴቶች ቡድን ሊገጥመን መጣ። ጨዋታውን እንደ ልማዳችን በስምንት ሰዓት አደረግሁት። አሰልጣኛቸው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ፀሐዩን ቀና ብሎ አየና በአማርኛ «እህቴ፣ ጤናሽን ነው?» አለኝ።

«የአገሩ ልማድ ነው» አልኩት አባቴ ከባቡሩ ሰዎች ለምዶ ባስተማረኝ አማርኛ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ።

እነሱ በመጡ ማግስት ደጋው ላይ የጣለው የበልግ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መንገዱን ቆረጠው። ይህን እኛ አናውቅም። በጨዋታው ቀን ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ጥሩምባ የለም። ሰባት ተኩል ሆነ፤ የለም። ሻጮቹ ባዶ ጆንያቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ወንዶቹ በየማዕዘኑ ቆመው ስልካቸውን ያያሉ፣ ያዛጋሉ፣ ይቆጣሉ። ሐራራ የያዘው ከተማ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም ነበርና ፈርቼም እንኳ ማየቱን መተው አልቻልኩም።

ሰባት ቁጥርን ለብቻዋ ወስጄ «ዛሬ ተቀመጪ» አልኳት።

«ገና ሊገባ ይችላል እኮ» አለችኝና ሻሿን ማሰር ቀጠለች።

በሕይወቴ ጫት እንዲገባ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አልገባም። ፊሽካው ተነፋ።

ወንዶቹ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሆነው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ከዚያ ገቡ። ሥራ ፈት ሆኖ የት ይሂድ? ሐራራ ያበሳጨው ሰው ምንም አያምረውም፤ ጫማችንን ተቹ፣ ኳሱን ተቹ፣ ዳኛውን ሰደቡ። ጥቂት ቆይተው ግን ትችታቸው ተለወጠ። «ለምን አልሰጠቻትም?» «ወደ ኋላ ተመለሺ!» ማለት ጀመሩ። የድሬዳዋው አሰልጣኝ በአማርኛ «ሰባቷን ያዟት! ግራ እግሯን ዝጉባት!» ብሎ ሲጮህ እኔ ቀበል አድርጌ በሶማሊኛ «በቀኝ እለፊ!» እላታለሁ። በቀኝ አለፈች፤ አገባች። ሜዳው በወንድ ጩኸት ተናወጠ። ሰውየው ዞር ብሎ አየኝና አንገቱን ነቀነቀ፤ ትእዛዙን እየሰማሁ እንደማከሽፍበት ያን ጊዜ ነው የገባው።

አባቷ የመጡት ከእረፍት በኋላ ነው። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እያዛጉ፣ ስለሚያውቁኝ ከሕዝቡ መሃል ለይተው በቀጥታ ወደ እኔ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«የመካኒኩ ልጅ፣ ይሄ ያንቺ ሥራ ነው?»

«አዎ፣ አዴር» አልኳቸው። አዴር አጎቴ እንደማለት ነው።

ጨዋታውን ያያሉ። እኔ ደግሞ እሳቸውን አያለሁ። ሰባት ቁጥር ፊት ለፊታችን እየበረረች ሁለት ጊዜ አለፈች፤ አላወቋትም። አባት እንዴት ልጁን አያውቅም? ብዬ ስገረም መልሱ ራሱ መጣልኝ። ስትሮጥ አይተዋት አያውቁማ! ከሕፃንነቷ በኋላ የሚያውቋት ተቀምጣ፣ ቆማ፣ ትሪ ይዛ ስትገባ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ስታልፍ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ይቺ ሰባት ቁጥር… የማን ልጅ ናት?»

ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ተጠየቅሁ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ከሌላ ሰፈር ናት ብልም ያምኑኛል። ግን ፊታቸውን አየሁት፤ ሐራራውም ቁጣውም የለበትም። ማወቅ ብቻ የፈለገ ሰው ፊት ነው። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። ልዋሸው አልቻልኩም።

«የእርስዎ ናት» አልኳቸው።

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ስሟን ጠርተው ጮኹ።

ልጅቷ ኳሱ እግሯ ሥር እንዳለ ቀጥ አለች። እጇ ወደ ሻሿ ሄደ፤ ወደፊት ሳብ አደረገችው። ያቺ የኋላ ወንበር ልጅ ተመልሳ መጣች። የድሬዳዋ ልጅ ኳሱን ከእግሯ ሥር እንደ ዋዛ ወስዳ ሮጠች፤ አገባች። አንድ ለአንድ። እኔ ጎሉም አልታየኝም፤ ይህችን ልጅ አጠፋኋት፣ በገዛ አፌ አጠፋኋት እያልኩ ነው።

አባቷ መስመሩን አልፈው ሜዳ ውስጥ ገቡ። ዳኛው ፊሽካ ነፋባቸው፤ አልሰሙትም።

«ምን አቆመሽ?» ብለው አምባረቁ፣ ድምፃቸው እየተሰነጠቀ። «ኦሮድ! ሩጪ እንጂ! ኦሮድ!»

እሷ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ እሳቸውን። ከዚያ ሮጠች።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከአምቡሊ በኩል ጥሩምባው ተሰማ። ጎርፉን የተሻገረ አንድ መኪና ተገኝቶ ኖሯል። ያ ሁሉ ወንድ አጥሩን እየዘለለ ነጎደ፤ በደቂቃ ውስጥ ሜዳው ባዶ ሆነ። ዞር ብዬ አየሁ። እሳቸው አልሄዱም። ወደ መንገዱ አንዴ ተመለከቱ፤ አዛጉ፤ ፊታቸውን ወደ ሜዳው መለሱ።

ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። የድሬዳዋው አሰልጣኝ ሰላም ሲለኝ ለምን እንደምስቅ አልገባውም። አባትየው ዳኛውን ተከትለው እየተከራከሩ ወጡ፤ ሁለተኛዋ ጎል ከጨዋታ ውጭ ነበረች ነው የሚሉት። ልጅቷ መጀመሪያ ከኋላቸው፣ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ከጎናቸው ትሄድ ነበር።

እኔ እንደ ሁልጊዜው ጆንያዬን ይዤ ቤት ገባሁና ማልያዎቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ሳፋ ውስጥ ነከርኩ። የሰባት ቁጥር ማልያ ግን ጆንያው ውስጥ አልነበረም።