ያወለቅሁት ጓንት

እትዬ ፀሐይወርቅ ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ላይ ሽንኩርት ያመርቱ ነበር። ማሳቸው ላይ ቤት ሲሠራ መንገድ ዳር ሽንኩርት ቸርቻሪ ሆኑ። እህታቸውን የጡት ካንሰር ነጠቃቸው፤ ቆይቶ እሳቸውንም ያዛቸው።

እኔ ጌትነት እባላለሁ፤ ባሕር ዳር በአንድ የካንሰር ጥናት ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ከዕጢያቸው ቁራጭ እንዲሰጡን የለመንኋቸው እኔው ነኝ። ሴል ውስጥ ፕሮቲን የማይሠሩ፣ አርኤንኤ የሚባሉ የዘረመል ቅጂዎች አሉ፤ ድሮ ትርፍ ናቸው ተብለው ተንቀው ነበር፤ ለካ ብዙዎቹ የትኛው ዘረመል ይሥራ፣ የትኛው ዝም ይበል እያሉ የሚያዙ ናቸው፤ ትእዛዛቸው ሲዛባ ሴሉ ያለ ልክ ሊራባ ይችላል አልኋቸው።

«ሳይሠሩ የሚያዙ? አማቴን ነው እኮ የምትለኝ» ብለው ሳቁ። «ለልጄ ለርሆቦት ዘመን ከጠቀመ ውሰዱት» ብለው ፈረሙ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ቁራጯን በመቆንጠጫ ይዤ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳለ ወንድማቸው መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ከእንፍራንዝ ደረሱ። እንዴት ሆነች እያሉ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሽማግሌ በጓንት ይጨበጣል እንዴ! የቀኝ እጄን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ ጨበጥኋቸው። ከዚያ ሌላ ጓንት ማጥለቅ ነበረብኝ። ቸኮልሁ። ቁራጯ ከመቆንጠጫው ልታመልጥ ስትል በጣቴ ያዝ አድርጌ ቱቦው ውስጥ ከተትኋት። ባዶ እጅ የነካው አርኤንኤ ይበጣጠሳል። ይህን ለተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ።

ሲመረመር የሚነበብ ነገር ጠፋ። መብራት ሄዶ ማቀዝቀዣው ቆሞ ነው አልሁ። በመብራት ሲሳበብ ማን ይጠራጠራል? አለቃዬ አምናኝ አይዞህ አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እትዬ ፀሐይወርቅ ለክትትል በመጡ ቁጥር ያቺ ሥጋዬ ምን አለች ይሉኛል። ገና ነው እላለሁ። ኋላማ ዓይናቸውን ሽሽት በጓሮ በር መውጣት ጀመርሁ። ባለፈው ሐሙስ ግን ርሆቦትን ይዘው መጡ። ልጅቷን ሳይ አልቻልሁም፤ ወንድማቸውን ለመጨበጥ ያወለቅሁትን ጓንትም፣ ጣቴንም፣ የመብራቱንም ውሸት ነገርኋቸው።

ርሆቦትን ወደ ጎናቸው ሳብ አደረጓት።

«ሌላ ቁራጭ የለኝም እኮ» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ወንድሜ ይህን እንዳይሰማ። በእኔ ሰላምታ ነው ብሎ እጁን ይጠላል።»

እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ የተጨነቅሁት ለገዛ ስሜ ብቻ ነበር። ተነሥተው ለመሰናበት እጃቸውን ሲዘረጉልኝ፣ የእኔን ለመስጠት አፈርሁ።